ሻጭ የሌለበት ሱቅ

ጉም ገና ሳይገልጠው የሸለቆውን አፍ፣
ከቀርከሃው ዳስ ሥር ቅርጫቴን ላሳርፍ
እወርዳለሁ በእግሬ፤
ሰናፍጭ ቅጠሌን፣ ዝንጅብል፣ ዱባዬን
ደርድሬ፣ ደርድሬ፣
ዋጋውን በከሰል ካርቶን ላይ ጽፌ፣
የወተት ጣሳዬን ከምሰሶው ደግፌ፣
ትቼው እሄዳለሁ ወደ እርሻዬ ማዶ።
ጠባቂም የለበት፤ የፈለገ ያንሳ፣
የሚገባኝን ይጣል፣ መልሱንም ይውሰዶ።

እንዲህ ነው ልማዱ በእኛ ሚዞ ተራራ ላይ፤
እናቴም ጎመኗን የሸጠችው እንዲህ፣
ሳትታይ፣ ሳታይ።

ልማድ ግን፣ ጌታዬ፣ እምነት ይባላል ወይ?
ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ይህ ጥያቄ መጣ፤
ጣሳዬን ባነሣው ላባ ሆኖ ወጣ።
ሦስት ዱባ የለም፤
ዝንጅብሉም የለም፤
ከታች የተጣበቀች የዛገች ሳንቲም እንኳ የለችም።

ዝናብ ነበር። ቆምኩኝ።
ወደ አይዞል የሚወጣ ጂፕ ጭቃ ረጭቶኝ አለፈ፤
ከዚያች ሰዓት ወዲህ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ
በልቤ መዝገብ ላይ «ሌባ» ተብሎ ተጻፈ።

ጎረቤቴ ህሚንጊ ሻይዋን እያማሰለች፣
«ዞታኒ፣ ዘመኑን እወቂ እንጂ» አለች።
«የእናትሽ ገዢዎች በእግር ነበር የሚያልፉ፤
ስማቸው ይታወቅ፣ ደጃቸው ይታወቅ።
የአሁኑ ጎማ ነው። ጓጉንቸር ግዢና
ሳጥንሽን ቆልፊ፤ ልብሽም አይጨነቅ።»

ገዛሁ። መቶ ሰባ ሩፒ።
ሌባው ከወሰደው ቁልፉ በለጠብኝ።
እሁድ ከበሮው ሲመታ ከቦርሳዬ ነበር፤
ሕዝቡ «አምንሃለሁ» ሲል፣ እኔም አፌን ስከፍት፣
ብረቱ ከመዝሙር መጽሐፌ ጋር ተጋጭቶ
ቂው አለ፤
አንተ ሰምተኸዋል። ሌላ የሰማ የለ።

ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ወረድኩ፣ ሳጥንም ቁልፍም ይዤ፣
የሰረቀኝን ሰው በመንገድ በመንገድ
ከስሼ፣ ፈርጄ፣ ገንዤ።
ለሳጥኑ ቦታ ላመቻች አንድ ዱባ ባነሣ፣
ታቹ ለስልሷል።
በስብሷል።
አወቅኩት።
ቅዳሜ ዕለት ያዞርኩት እኔው ነኝ በእጄ፣
የተበላሸውን ወደ ታች፣
የሚያምረውን ወደ መንገድ፤
«ሠላሳ ሩፒ» ብዬም ጽፌበት ነበር፣
እጄ ሳይርድ።

ፈገግ አልክ መሰለኝ።
ያ ሰው በጂፑ ውስጥ የሚቸኩል፣ ልጅ የታቀፈ፣
ዱባ ገልብጦ የማያይ፣
እሱም እኮ አምኖ ነው ገንዘቡን የሚጥለው
ዓይኔን ሳያይ።
ለእኔ ጣሳው እንደሆነ፣ ለእሱ ዱባው ነው፤
እኔ የሌለሁበትን እሱም ያመነው።

እኔ እኮ አንተን ማመን
ከበሮ፣ እልልታ፣ የታጠበ ቀሚስ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ የዱባ ታች ነው።

ከሰሌን አነሣሁ። ሠላሳውን ሰረዝኩ።
«ታቹ ተበላሽቷል፤ አሥር ሩፒ» አልኩ፤
ቁስሉን ወደ መንገዱ አዞርኩት። ጆሮዬ ጋለ።
ጣሳው ክፍቱን ቀረ። ሳጥኑ ተመለሰ።
ቁልፉንስ?
ለመጣል ሳሳሁ፣ ከፍዬበታለሁ፤
ነፋስ የሚያስቸግረው ካርቶኔ ጫፍ ላይ
አንጠለጠልኩት። ክብደቱ ያዘለት።

ማታ ተመለስኩኝ። ተአምር አልጠበቀኝም።
አራት ዱባ ሄዷል፤ የሦስት ተከፍሏል፤
በአራተኛው ፈንታ ከሳንቲሞቹ መሃል
የሸሚዝ ቁልፍ አለ፣ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ።
ሳቄ አመለጠኝ፤
ቁልፍ ብሸሽ ቁልፍ ሰጡኝ።

የበሰበሰውን ማንም አልነካው።
በጎውን ገምሼ ለእራት ቀቀልኩት፤
ታንግሊያና በላ፣ «ይጣፍጣል» አለ፣
ከየት እንደመጣ እኔም አልነገርኩት።

ትንሹ ሩዋታ ሸሚዙ አንገቱ ላይ
ከከፈተ ሰንብቷል፤ ቁልፏን ልተክልለት
ከኩራዙ ሥር ተቀመጥን።
«እማ፣ ነገም ጣሳውን ክፍቱን ትተይዋለሽ?»
«አላውቅም፣ ልጄ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ጌታዬ።
«ነገ ጉሙ ውስጥ ስደርስ ነው የማውቀው።
ዝም በልና ክሩን ያዝልኝ።»